ከአምስት አምስት የማይወዱት ሰው

መርዶውን የሰማሁት በአንድ ቅጽ ምክንያት ነው። በየዓመቱ ከለጋሽ ድርጅቱ በኢሜይል የሚላክልን፣ አትመን በእጃችን ሞልተን የምንመልሰው የአስተያየት መስጫ አለ። ከግርጌው ሁልጊዜ «ውብሸት፣ የክትትል ክፍል» የሚል ስም ይኖር ነበር፤ ዘንድሮ የማላውቀው ሰው ስም ሰፍሮበት አየሁ። ጡረታ ወጥተው ይሆናል ብዬ ቢሯቸው ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ውይ፣ አልሰማሽም እንዴ? ጋሽ ውብሸት እኮ አረፉ። አርባቸውም ወጥቷል» አለችኝ።

ነፍስ ይማር ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ቅጹ ኮምፒውተሬ ላይ እንደተከፈተ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ከድርጅታችን ጋር ባላችሁ ግንኙነት ምን ያህል ረክታችኋል? ከአንድ እስከ አምስት ካሉት ቁጥሮች አንዱን አክብቡ» ይላል። የዚህን ጥያቄ እውነተኛ መልስ ከእኛ አፍ ለማውጣት ዓመታት የለፉት ሰው ሞተው፣ ጥያቄው አንድ ቃል ሳይለወጥ መምጣቱ ትንሽ አሳቀኝ። ወዲያው ደግሞ ከፋኝ።

የምሠራበት ድርጅት ቀጨኔ ውስጥ፣ ከመድኃኔዓለም ከፍ ብሎ፣ ሦስት ክፍልና አንድ ጠባብ ግቢ ያለው የኪራይ ቤት ነው። ወጣት ሴቶችን ልብስ ስፌት እናስተምርና ሥራ እንዲይዙ እንረዳለን። እኔ ሪፖርት ጸሐፊ ነኝ። አቶ ውብሸት ደግሞ በገንዘቡ ቤታችንን ክፍት አድርጎ ያቆየው የለጋሹ ድርጅት የክትትል ባለሙያ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከትከሻቸው ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት ይለብሳሉ። የመሥሪያ ቤቱን መኪና ታች አስቁመው አቀበቱን በእግራቸው ስለሚወጡ ጫማቸው ሁልጊዜ የእኛን ሰፈር ጭቃ ወይም አቧራ እንደያዘ ነው። ጥቁር ባለ ክዳን እስክርቢቶ ነበረቻቸው። ስናመሰግናቸው ክዳኑን ይገጥሙታል፣ ስናማርር ይከፍቱታል። ይህን ለመረዳት እኔ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ጨዋታ አዋቂ አልነበሩም። ሰው የሚወዳቸው ዓይነት ሰውም አልነበሩም፤ እውነቱን ለመናገር ያታክቱ ነበር። ስብሰባ ላይ አንዱ ተነስቶ «ባለድርሻ አካላት» ሲል ቀስ ብለው «ስማቸው ማን ነው?» ይሉታል። ሰውየው የሚጠራው ስም ያጣና ይቀመጣል። ቀጠሮ ያረፍዳሉ፣ ኮምፒውተር ይፈራሉ፣ የተነገራቸውን ሁሉ በእጅ ጽሑፍ ይመዘግባሉ፤ የእጅ ጽሑፋቸውን የሚያነበው ደግሞ ራሳቸው ብቻ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጡ እንደ ወጉ ተቀበልናቸው። ግቢው ተጠረገ፣ ለስላሳ ተገዛ፣ ሠልጣኞቹ አንድ ዓይነት ሽርጥ አደረጉ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ባነር ተሰቀለ። ሥራ አስኪያጃችን ራሄል ጸሎተኛ ናት፤ እንግዳ ስታይ ፊቷ ይበራል። ወደ ቢሮዋ ልታስገባቸው ስትል እሳቸው መጨረሻ ረድፍ ካለው ማሽን ኋላ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ለስላሳውን አልነኩትም። እስክርቢቷቸውን ከፈቱና «እኛ ምን አበላሽተንባችኋል?» አሉ።

ራሄል ደነገጠች። «ኧረ ምን በወጣችሁ! እናንተ ባትኖሩ እኮ ይሄ ቤት የለም። ጌታ ይባርካችሁ ነው የምንለው።»

ክዳኑን ገጠሙትና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ?»

«ምንም የለም። ሁሉም ጥሩ ነው» አልኩ።

ተነስተው ሄዱ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆዩም። ራሄል «ተቀየሙን ይሆን?» እያለች ስትጨነቅ ዋለች። እኔ ግን የዋሸሁትን አውቀዋለሁ፤ እሳቸው የተቀመጡት በትክክል ከውሸቴ ሥር ነበር። ባነሩ ላይ የፋብሪካ ቆብ አድርጋ የምትስቀው ልጅ ብርቱካን ትባላለች።

ብርቱካን ከእኛ ዘንድ ተመርቃ ስትወጣ በእናቷ ቤት የፊት ክፍል ሁለት ማሽን ተክላ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ጀመረች። አንዱ ማሽን የራሷ ነው፣ ሌላውን ከዘመድ ተውሳ ነው። አብራት የተመረቀች ጓደኛዋን አስገብታ አብረው ይሠሩ ነበር። ነሐሴ ሲገባ በሯ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። በእኛ ሪፖርት ግን ብርቱካን ሥራ ያላገኘች ነበረች። የለጋሹ መስፈርት «ሥራ አገኘች» የሚለው የአሠሪ ደብዳቤ ያላትንና ስድስት ወር የቆየችን ብቻ ነው። ብርቱካን አሠሪ የላትም። ለራሷ ደብዳቤ አትጽፍም።

የዚያን ዓመት ቁጥሩ ጎደለን። ካልሞላ ውላችን እንደማይታደስ ሁላችንም ገብቶናል። ስለዚህ እኔ ብርቱካን ቤት ሄድኩ። ከከተማ ውጭ አንድ የልብስ ፋብሪካ ሰው እየቀጠረ ነው፣ ለአንቺም ልምድ ይሆንሻል፣ ስድስት ወር ብቻ ነው አልኳት።

«ደንበኞቼስ?» አለችኝ።

«ይጠብቁሻል።»

አመነችኝ፤ ያስተማራት ድርጅት ሰው ነኛ። የተዋሰችውን ማሽን መለሰች፣ ጓደኛዋን አሰናበተች፣ ሄደች። ደብዳቤው መጣ፣ ስድስት ወሩ ሞላ፣ ቁጥራችን ሞላ። እሷ ስትመለስ ደንበኞቿ ሌላ ሰፊ ይዘዋል፤ እናቷም በቸገራት ጊዜ የፊት ክፍሉን ለሱቅ አከራይታዋለች። ሌላ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀጥራ የልብስ ቁልፍ መትከል ጀመረች። መንገድ ላይ ስንገናኝ «ደህና ነሽ፣ ትዕግሥት?» ትለኝና ታልፋለች። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «መስፈርቶቻችን ለሥራችሁ ምን ያህል ይመቻሉ?» ለሚለው የቅጹ ጥያቄ ግን አምስት ላይ አክብቤ ልኬያለሁ።

ከዚያ ጉብኝት ጥቂት ቆይቶ ለጋሹ የሚረዳቸውን ድርጅቶች በሙሉ አንድ ሆቴል ሰበሰበን። አቶ ውብሸት መድረኩ ላይ ቆመው ያንኑ «ምን አበላሽተንባችኋል?» የሚል ጥያቄ ጠየቁ። ከዚያ አንዱ ተነስቶ አመሰገነ፣ ሌላዋ ተነስታ አመሰገነች፣ ምስጋናው እስከ ሻይ ሰዓት ቀጠለ። ሻይ ሰዓት ላይ ኬክና ብርጭቆ ይዘን ስንቆም የሁላችንም አፍ ተከፈተ። ገንዘቡ ዘግይቶ ይለቀቃል፣ ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ካልሆነ አይቀበሉም፣ አሠልጣኝ እንዳንቀጥር ያደርጉናል። እኔም ኬኬን እያኘክሁ «ደብዳቤ፣ ደብዳቤ እያሉ ገደሉን እኮ! የራሷ ሥራ ያላትን ልጅ ሥራ አጥ ነሽ ማለት ምን የሚሉት ነው?» አልኩ። ፊት ለፊቴ የነበረችው ሴት ዓይኗን አፈጠጠች። ዞር ስል አቶ ውብሸት የሻይ ብርጭቆ ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል።

«ስብሰባው እዚህ ነው እንዴ?» አሉ። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ «ነገ እመጣለሁ። ግቢ እንዳትጠርጉ» አሉኝ።

በማግሥቱ ራሄል ክፍለ ከተማ ሄዳ ነበር። ብቻዬን አገኙኝ።

«የትናንቱን ድገሚልኝ።»

«እሱማ… ማለቴ፣ ለጨዋታ ያህል ነው ጋሽ ውብሸት።»

ክዳኑን ሊገጥሙት ያዙና ተዉት። «ስሚ አንቺ ልጅ። አምስት ላይ ስታከብቢ አልናገርም ማለትሽ ነው። አለመናገር መብትሽ ነው፣ በዚህ አልጣላሽም። ትናንት ግን ተናግረሻል። ወስጄው ከጠፋሁ ሌባ በዪኝ።»

ነገርኳቸው። ፋብሪካውን፣ ስድስት ወሩን፣ የፊት ክፍሉን፣ ሁሉን። ከተቀመጡበት ተነስተው ባነሩ ሥር ቆሙ።

«ይቺ ናት?»

«አዎ።»

ብዙ አዩዋት። ከዚያ የእንግዶች መዝገባችንን አምጪ አሉኝ። ይህ መዝገብ የራሄል ኩራት ነው፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ «ባየሁት ነገር እጅግ ተደስቻለሁ፣ በርቱ» ብሎ ይፈርምበታል። አቶ ውብሸት ከእነዚያ ምስጋናዎች ሥር፣ በዚያ በማይነበብ ጽሑፋቸው ሳይሆን ፊደል እየለቀሙ፣ «በእኛ መስፈርት ምክንያት አንዲት የራሷ ሥራ የነበራት ሴት ሥራዋን ዘግታ ሌላ ቦታ እንድትቀጠር ተደርጓል። መልስ ይዤ እመለሳለሁ» ብለው ጻፉና ፈረሙ።

ራሄል ስታየው ልትታመም ነበር። «እንግዳ እያነበበው? በመዝገቤ ላይ?» ገጹን እንዳትቀድ ፊርማ አለበት። በመጨረሻ አዲስ መዝገብ ገዛችና አሮጌውን መሳቢያ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት መዝገብ አለን፤ አንዱ የእንግዶች፣ አንዱ የጋሽ ውብሸት። እሳቸው ሲመጡ ትክክለኛውን መዝገብ ማቅረብ የእኔ ኃላፊነት ሆነ። በመጡ ቁጥር አንድ ቅሬታ ይጽፋሉ፣ ከቀድሞው ቅሬታ ሥር ደግሞ የደረሰበትን ያሰፍራሉ። የሪፖርቱ ቋንቋ ሥር «ተስተካክሏል፣ በአማርኛ ጻፉ» ይላል። ገንዘቡ ሥልጠና ከተጀመረ በኋላ መለቀቁ ሥር «ከልክለውኛል»። አንዱ ሥር «ሳልጠይቅ ረሳሁት። ይቅርታ» ይላል። ሌላ ለጋሽ እንዲህ ብሎ የጻፈበት ወረቀት እስከ ዛሬ አላየሁም።

የደብዳቤውን ጉዳይ መልስ ይዘው የመጡት ክረምት ላይ ነው። ዝናቡ ቁልቁለቱን ወንዝ አድርጎታል። ጃንጥላቸው ተገልብጦ፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ረጥቦ ሲገቡ እኔና ራሄል ተያየን። በዚህ ዝናብ የሚያስመጣ ነገር ውላችን መሰረዙ ብቻ ነው ብለን ነበር።

«አልተቀበሉኝም» አሉ፤ ኮታቸውን እያራገፉ።

ራሄል ጠበቀች። «እና?»

«በቃ። ይህንኑ ልነግራችሁ ነው።»

«ውይ ጋሽ ውብሸት! በስልክ አይነግሩንም ነበር?»

«ስጠይቃችሁ በእግሬ መጥቼ አይደል?»

ለምን አልተቀበሏቸውም አልኩ። መልስ ሳይሰጡኝ ከቦርሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። የእኛው ቅጽ ነበር። አለቆቻቸው ሐሳቡን ሰምተው «መስፈርቱ ችግር ካለበት ድርጅቶቹ በሙሉ ለምን አምስት ሰጡት?» ብለዋቸዋል። የሚረዷቸው ድርጅቶች አንድም ሳይቀር በመስፈርቱ ረክተዋል፤ በወረቀት አለ። ጣታቸውን በእኔ አምስት ላይ አሳረፉ። ያከበብኩት ደግሞ ደመቅ አድርጌ ሁለት ጊዜ ነው። አልተቆጡም፣ ድምፃቸውም አልተለወጠም፤ እኔ ግን እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። እሳቸው ለብርቱካን ሊከራከሩ ገብተው የተረቱት በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው።

የሚቀጥለው ቅጽ እስኪመጣ ድረስ ኬክ ስንበላ አብረን ላማረርነው ሁሉ ደወልኩ። በዚህኛው ላይ እውነቱን አክብቡ ብዬ ለመንኩ። አንዱ «እህቴ፣ እኛ ልጆቻችንን እያስተማርን ያለነው በእነሱ ገንዘብ ነው፣ ተይኝ» አለኝ። አንዷ ስልኩን ዘጋችብኝ። ጥቂቶች ሁለት ላይ አከበቡ፣ ጥቂቶች ሦስት። እኔ አንድ ላይ አክብቤ ከጀርባው የብርቱካንን ታሪክ ጻፍኩበት፤ ስሟን ሳልጠራ። ራሄል ማኅተም ከማድረጓ በፊት ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። ውላችን ግን አልተሰረዘም። በዓመቱ መስፈርቱ ተለወጠ፦ በራሷ ሥራ የምትተዳደር ሠልጣኝ ቦታው ድረስ ተሄዶ ታይታ ትቆጠራለች።

አቶ ውብሸት ይህን ሊነግሩን ሲመጡ ብርቱካን ቤት ውሰጂኝ አሉ። በዚያ መሐል ብርቱካን የፊት ክፍሏን አስለቅቃ፣ ቁልፍ እየተከለች ያገኘችውን አጠራቅማ እንደገና ጀምራ ነበር። ይህን የሰማሁት ከሰው ነው። እግሬ እዚያ ደጅ ደርሶ አያውቅም። የዚያን ዓመት ቁጥራችን እንደገና ሳስቶ ነበርና ሥራ የያዙ ሠልጣኞች የሚመዘገቡበትን ቅጽ በቦርሳዬ ይዤ በደስታ ሄድኩ። እሷን ስንቆጥራት ያ በደል የሚሰረዝ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ሦስት ማሽን አላት። ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ትሰፋለች፣ ሁለት ሴቶች ያግዟታል፣ ግድግዳው በሰማያዊ ዩኒፎርም ተሸፍኗል። በርጩማ ሰጠችን። አቶ ውብሸት ግን ቆመው ቀሩ።

«ፋብሪካ የላከሽ የእኛ መሥሪያ ቤት ወረቀት ነው። እዚያ የምሠራ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

ብርቱካን እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። «እርስዎ ነዎት እንዴ ጋሼ? እኔስ ትዕግሥት መስላኝ።»

እኔ ቶሎ ብዬ ቅጹን አወጣሁ። «ብርቱካንዬ፣ ሕጉ እኮ ተለወጠ! ካሁን በኋላ የራሷ ሥራ ያላት ትቆጠራለች። ስምሽን ላስገባው ነው።»

«የት?»

«ሪፖርታችን ላይ ነዋ። እኛ ሥራ ካስያዝናቸው ጋር።»

ቅጹን ተቀበለችኝ። ቀስ ብላ እስከ ታች አነበበችው። «ሙያውን አስተምራችሁኛል፣ እሱን አልክድም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ቤት ግን አንዴ አስዘግታችሁኛል። ድጋሚ የከፈትኩት እኔ ነኝ። አትጻፊኝ» ብላ መለሰችልኝ።

አቶ ውብሸትን አየሁ። እንዲያግባቡልኝ ነው። እሳቸው ግን «እሺ፣ አትጻፊያት» አሉኝ፤ ለእሷ ጎንበስ ብለው እጅ ነስተው ወጡ። ተከትያቸው ወጣሁ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ መከራከር ጀመርኩ። ሕጉ የተለወጠው በእሷ ምክንያት አይደለም ወይ፣ ከእሷ የተሻለ ማን ሊቆጠር ነው፣ ደግሞስ አንድ ሰው ቢጎድል ለእርስዎ ቢሮ ምን ብዬ ልጽፍ ነው? መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ቆሙና «እኔ ይቅርታ ጠየቅኋት። አንቺ ቅጽ ሰጠሻት» አሉ።

ቅጹን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት።

«ሂጂ ተመለሽ። ታች እጠብቅሻለሁ።»

አቀበቱን ብቻዬን ወጣሁ። ብርቱካን በሩ ላይ ስታየኝ «ምን ረሳሽ?» አለችኝ። ሁለቱ ሴቶች ቀና አሉ። ይህን ነገር ብቻችንን ሆነን ብናገረው ደስ ባለኝ፤ ግን ብቻዋን እስክትሆን ከጠበቅሁ መቼም እንደማልናገረው አወቅሁ።

«ደንበኞችሽ ይጠብቁሻል ያልኩሽ ውሸቴን ነበር» አልኩ። «እንደማይጠብቁሽ አውቅ ነበር። ቁጥር ጎድሎን ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

የያዘችውን ዩኒፎርም አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ስትናገር ድምፅዋ ተቆራረጠ። «እኔ እኮ ሰውየውን አልነበረም የምጠብቀው» አለችኝ።

ታች ስደርስ አቶ ውብሸት የመኪናውን በር ከፍተው ቆመዋል። ዓይኖቼ ማበጣቸውን አይተዋል። ባወቅኋቸው ዓመታት ሁሉ ሲጠይቁ የኖሩት ሰው ያን ቀን ምንም አልጠየቁኝም።